ያነበብኩላቸው ቅጠል

ቅጠሉ በሁለት መስታወቶች መካከል ተኝቷል። መሳቢያውን ስስብ አስቀድሞ የሚደርሰኝ የናፍታሊን ሽታ ነው። ከዚያ በኋላ፣ አፍንጫዬን ካስጠጋሁ ብቻ፣ ከናፍታሊኑ ሥር ሌላ ሽታ አለ፤ የረጠበ ጭቃ፣ የገብስ ጭድ፣ በከሰል ካውያ የተተኮሰ ጨርቅ። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ይህን ሽታ አያሸቱትም። ምናልባትም የለም። ሙያዬ የሌለውን አለ ከማለት የሚከለክል ነውና «ምናልባት» የምትለውን ቃል እዚህ አስቀምጬ አልፋለሁ።

ባለፈው ወር ስለዚህ ቅጠል ደብዳቤ ደረሰኝ። በልዩ ልዩ አገር የምንኖር ጥቂት ሰዎች በምድር ላይ ያሉትን ቅጠል ሰርሳሪ የእሳት ራቶች ሁሉ በአንድ መዝገብ ለማስፈር ከተነሣን ዓመታት አልፈዋል፤ የባሌ ደጋ የእኔ ድርሻ ነው። እያንዳንዱ መስመር አምስት ነገር ይጠይቃል፤ የዝርያው ስም፣ የሚበላው ተክል፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የሰበሰበው ሰው። ከላክኋቸው መስመሮች በአንዱ የዝርያው ስም ባዶ ነው። አርታዒው በትሕትና «ይህ መስመር ይሰረዝ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በእኛ ሕግ ከዱካ ብቻ ስም አይወጣም፤ ስም ለማውጣት አካል ያስፈልጋል፤ ክንፍ ያለው፣ በመርፌ የተወጋ፣ ማንም ሊመረምረው የሚችል አካል። ቅጠሌ ላይ ያለው ዱካ ብቻ ነው። አካሉ አልተያዘም። ለምን እንዳልተያዘ በሕይወት ካሉት ሰዎች ሙሉውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ።

እነዚህን ፍጥረታት ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። እናቲቱ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የእሳት ራት ናት። እንቁላሏን ቅጠል ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል ቅጠሉን እንደ አባጨጓሬ ከጠርዙ ጀምሮ አይበላም፤ በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መካከል ይገባል፣ በጨርቅና በገበሩ መካከል እንደሚያልፍ መርፌ። እየበላ ይሄዳል፤ የሄደበት ሁሉ ነጭ መስመር ይሆናል። መስመሩ ሲጀምር እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ትሉ ባደገ መጠን እየሰፋ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። በነጩ መካከል ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ቀለም ተከታትሎ ይታያል። ቅጠሉን አንሥቶ ወደ ብርሃን የያዘ ሰው ትል አያይም። የሚያየው ጽሑፍ ነው።

ጎረቤታችን ያዩት ጽሑፍ ነበር።

ያደግሁት ጎባ ነው። አባቴ ከተማዋ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ በነበረች ጊዜ የተቀጠረ ጸሐፊ ነበር፤ ቢሮው ወደ ሮቤ ሲዞር ጽሕፈት መኪናው ቀረ፣ አባቴም ከጽሕፈት መኪናው ጋር ቀረ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበራቸው፤ ድምፁ ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ጀምሮ እስከ ዐሥር ሰዓት ይሰማል፤ የሚቆመው ለሰላት ብቻ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ እሳቸው ሙስሊም። በዓል በመጣ ቁጥር ሰሃን በአጥሩ ላይ ይሻገር ነበር፤ ሥጋ ብቻ ሳይሻገር። አባባ እላቸው ነበር፤ ከዚህ ሌላ መጠሪያ ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

በሁለቱ ግቢዎች መካከል አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ቆሞ ነበር። ግማሹ ጥላ የእኛ ነው፣ ግማሹ የእሳቸው። ጠዋት ጉሙ በቅጠሎቹ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና በቆርቆሯችን ላይ ይንጠባጠባል፤ ሳይዘንብ የሚዘንብ ዛፍ ነበር። በደረቁ ወራት ቅጠሎቹ ቡናማ ሆነው ይረግፋሉ፤ ከሚረግፉት ብዙዎቹ ላይ ያ ነጭ መስመር አለ።

አባባ የተጻፈበት ወረቀት ከመሬት ወድቆ ካዩ አይረግጡትም። ብዙ የአገሩ ሽማግሌዎች እንዲሁ ናቸው፤ የአላህ ስም ይኖርበት ይሆናል ብለው ያነሡና ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፉታል። አባባ ግን ከወረቀት አልፈው ቅጠልም ያነሡ ነበር። ጎንበስ ይላሉ፣ በሁለት ጣት ይይዙታል፣ እፍ ብለው አቧራውን ያራግፉታል፣ ኪሳቸው ይከቱታል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊለኩኝ በረንዳቸው ላይ አቁመውኛል፤ በከንፈራቸው መካከል ስፒሎች ይዘዋል፣ ሜትሩ በአንገታቸው ተንጠልጥሏል። ልኬቱን ሲጨርሱ ከኪሳቸው አንድ ቅጠል አውጥተው ወደ ፀሐይ ያዙት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ምን ይላል?»

«ኧረ አባባ! ቅጠል እኮ ነው።»

«ቅጠልማ ቅጠል ነው። የተጻፈበትን ነው የምልሽ።»

ተጠግቼ አየሁት። «ሀ ሁ አይደለም» አልኩ።

«ዓረብኛም አይደለም። ሼኹ አይተውት ሳቁብኝ፤ ‹አንተ ደሞ መርፌ ዓይንህን አደከመው› አሉኝ። እንግዲህ ሌላ ፊደል ነው ማለት ነው። አንቺ ዛሬ ተማሪ ሆንሽ። ተምረሽ ስትጨርሺ ታነቢልኛለሽ።»

«እሺ።»

«ወላሂ በይ።»

«እኛ ወላሂ አንልም።»

«እንግዲያው በእናንተው ማይልኝ።»

«ማርያምን!» አልኩ። ስፒሎቹ ከአፋቸው እስኪወድቁ ሳቁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ተንበርክከን ከበረንዳው ወለል ላይ ስፒል ለቀምን።

የማልሁት በቀልድ ነበር። እሳቸው ግን አልቀለዱም ነበር።

የሚያነሧቸው ቅጠሎች የት እንደሚገቡ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሚሰግዱባት ክፍል ጠባብ ናት፤ የጭቃ ግድግዳዋ በሰሜን በኩል፣ ማለትም ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። በየስንጥቁ ቅጠል ተወትፏል። አንዱ በሌላው ላይ፣ በጥንቃቄ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ ልብስ ሰፊ ሰው እንደሚያደርገው። የክረምቱ ዝናብ ባበቃ በሳምንታት ውስጥ ከዚያ ግድግዳ ላይ ብር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ይወጡና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋሉ። ልጃቸው፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት የምትበልጥና ምላሷ እንደ መቀስ የሆነች፣ በየዓመቱ ትጮህ ነበር።

«ብል ነው አባ! የሰው ጨርቅ ይበላብሃል፣ ከዛ ማን ሊከፍል ነው?»

«ጨርቄን አንድ ቀን አልነኩም» ይላሉ አባባ። «አንቺ ነሽ የነካሽው። ቀዩ ከፋይ ጨርቅ የት ሄደ?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስቃለሁ። ብር የሚመስለው ነገር በፀጉሬ ላይ ያርፋል። በእጄ ባራግፈው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስንቱን እንዳራገፍኩ አሁን አስባለሁ። አንዱ ብቻ፣ አንዱ በመርፌ ጫፍ ተይዞ ቢሆን ኖሮ።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አንድ የነፍሳት ተመራማሪ ዶክተር መጣ። ከአዲስ አበባ ነበር የመጣው፤ በቅጠል ውስጥ የሚኖሩ የእሳት ራቶችን ይመዘግባል። ከትምህርት ቤታችን አንድ ረዳት ጠየቀ። ርዕሰ መምህሩ እኔን የመረጡት ጎበዝ ስለሆንኩ አልነበረም፤ የእጅ ጽሑፌ ደቃቅና ቀጥ ያለ በመሆኑ ለመለያ ወረቀት ይመቻል ብለው ነው። የክፍል ጓደኞቼ ሲሰሙ «ትል ለቃሚ» ብለው ስም አወጡልኝ። እናቴ ደግሞ፦ «የሰው ልጅ ሐኪም ልሁን ይላል፤ አንቺ የትል ሐኪም ልትሆኚብኝ ነው?»

በየቀኑ ከጎባ ወደ ላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚያወጣው መንገድ እንሄድ ነበር። ዶክተሩ አጉሊ መነጽር ሰጠኝ፤ ከአንገቴ በገመድ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ይመታኝ ነበር። ቅጠልን ወደ ብርሃን መያዝን፣ ከነትሉ በቅርንጫፉ ላይ በስስ ጨርቅ ከረጢት መሸፈንን፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪወጣ መጠበቅን አስተማረኝ። ከረጢቶቹን አባባ ሰፉልን፤ ከሻሽ፣ አፋቸው በክር የሚሳብ፣ ስፌታቸው ለዓይን የማይታይ። ዶክተሩ አንዱን ገልብጦ አይቶ «ይሄ ሰው ማሽን ነው» አለ። ምስጋና መሆኑ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ሕይወቴን ወሰነ። «የምታዪውን ጻፊ» አለኝ፣ «የምትመኚውን አትጻፊ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ሊያስደስተኝ ወይም ሊያስፈራራኝ ሳይፈልግ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ያን ዓረፍተ ነገር ወደድኩት፤ ሰውን የሚወዱትን ያህል። በነጩ መስመር መካከል ያለውን ጥቁር በአጉሊው አይቼ «ይሄ ቀለም ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ሳቀብኝ።

«ቀለም መሰለሽ? ኩሱ ነው እኮ። ወደፊት ይበላል፣ ወደኋላ ይጥላል።»

በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። አየሁት፣ ጻፍኩት። በዚያ ሰዓት ስለ አባባ አላሰብኩም።

ስለ ግድግዳው የነገርኩት ለመመካት ነው። እኛ በከረጢት የምንጠብቀው ነገር ከአንድ ልብስ ሰፊ ግድግዳ በየዓመቱ በራሱ ይወጣል አልኩት። መጻፉን አቆመ። በማግስቱ ሱሪ ለማሳጠር በሚል ሰበብ ይዤው ሄድኩ። አባባ «ለእንግዳ ቤት አይዘጋም፣ ግባ» ብለው ክፍሏን ከፈቱለት። ከግድግዳው ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ አንድ ቅጠል በዓይኑ ብቻ መረመረ፣ እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ። ከአጥሩ ውጭ ስንወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በኮሶ ላይ እንዲህ ያለ መስመር አይቼ አላውቅም። ማንም ስም የሰጠው አይመስለኝም። ዝናቡ ሲያበቃ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ሲወጡ እንይዛቸዋለን። እስከዚያ ድረስ ግድግዳውን ማንም እንዳይነካው። አንቺም ለማንም ምንም አትናገሪ። ገባሽ? ስምሽ በመለያው ላይ ይጻፋል።»

ገብቶኝ ነበር። ከእኔ የተጠየቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆሞ ኮሶው ብቻ ሲንጠባጠብ፣ የሰፉትን ከረጢት ልወስድ ሄድኩ። አባባ ነጭ ጀለቢያ እየተኮሱ ነበር። ከካውያው የከሰል ሽታ፣ ከጨርቁ እንፋሎት ይወጣል። በአንገቴ ያለውን አጉሊ አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ምለሽልኝ አልነበር? ይኸው ተማርሽ። መነጽሩም ደረትሽ ላይ ነው። መቼ ነው የምታነቢልኝ? ከሞትኩ በኋላ?»

«ገና ነው» ማለት እችል ነበር። «አልገባኝም» ማለት እችል ነበር። ሁለቱም ቀላል ነበሩ፣ ሁለቱም ሐሰት ነበሩ። እኔ ደግሞ በዚያ ወር ሐሰትን የምጸየፍ ሰው ሆኜ ነበር። ከዚህም በላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ማወቄን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር።

«አሁን አነብልዎታለሁ» አልኩ።

ካውያውን አስቀመጡ። ወጡ። ከበርሜሉ ውኃ ሲቀዱ ሰማሁ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ታጥበው፣ እንደ ሰላት ሰዓት ዉዱእ አድርገው ተመለሱ። ከመስገጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ከግድግዳው ራሳቸው መርጠው ያወጡትን አንድ ቅጠል በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ቢስሚላህ» አሉ። «በይ።»

ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ያዝኩት። አጉሊውን በእጃቸው አስያዝኳቸውና በስፒል ጫፍ እየጠቆምኩ አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አዳራሽ፣ በብዙ ሊቃውንት ፊት አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ጥርት ያለ ንባብ ግን አላነበብኩም።

«እዚች ነጥብ ላይ እንቁላል ተጣለ። እዚህ ገባ። እዚህ ቆዳውን ቀየረ፤ መስመሩ ድንገት የሰፋው ለዚያ ነው። እዚህ የቅጠሉ ጅማት ጠጠረበትና ተመለሰ። እዚህ፣ ሰፋ ያለችው ክፍል ውስጥ፣ መብላቱን አቁሞ ተኛ። በዚች ቀዳዳ ክንፍ አውጥቶ ወጣ።»

«ማን?»

«ትሉ።»

አጉሊውን ከዓይናቸው አላነሡም። «ትል ነው የጻፈው?»

«አልጻፈም አባባ። በላ።»

«እሺ። ጥቁሩስ? ቀለሙስ?»

ዶክተሩ ለእኔ እንደተናገረው፣ በዚያው ቃል ተናገርኩ። «ኩሱ ነው።»

ከካውያው ውስጥ ከሰሉ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ውጭ ኮሶው ይንጠባጠባል። አባባ አጉሊውን ቀስ አድርገው መስገጃው ላይ አኖሩትና ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። እኔም አየሁት፤ ያን ጊዜ ግን ያየሁት ስንጥቆችንና ቅጠሎችን ነው። እሳቸው ያዩትን ለመረዳት ብዙ ዓመት ወሰደብኝ። በቀን አምስት ጊዜ ግንባራቸውን ከመሬት የሚያስነኩት ወደዚያ ግድግዳ ነበር። በእጃቸው እያጠራቀሙ የሞሉት በምን እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ርግጠኛ ነሽ?» አሉ።

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እሺ» አሉ። ተነሡ፤ ጉልበታቸው ጮኸ። «አነበብሽልኝ። ቃልሽን ጠበቅሽ። ገለቶማ፣ ኢንተላ ኮ።»

አመሰገኑኝ። ያነበብኩትን ቅጠል ግን ከእጄ አልተቀበሉኝም፤ እጃቸውን አልዘረጉም። በባዮሎጂ ደብተሬ ውስጥ ከትቼው ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምጽፈው የማየውን እንጂ የምመኘውን እንዳልጽፍ ስለተማርኩ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ የስፌት መኪናው ድምፅ አልተሰማም። በአጥሩ በኩል ጭቃ ሲረገጥ ሰማሁ፤ ሽታው ከጉሙ ጋር መጣ። ስሄድ አባባ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው አጥፈው፣ ጭድ ከጭቃ እየደባለቁ ነበር። የሰሜኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተመርጎ ረጥቦ ያበራል። አንድም ስንጥቅ አልቀረም።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ግድግዳው አርጅቶ ነበር» አሉ። «ክረምቱ በረታበት።»

ቅጠሎቹ የት እንደሄዱ አልጠየቅሁም። ወቀሳ ስላልሰማሁ ጥፋት እንዳልሠራሁ ቆጠርኩት።

ዶክተሩ ዝናቡ ሲያበቃ ቃሉን ጠብቆ መጣ፤ በትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች የተሞላ ሣጥን ይዞ። ለስላሳውን ግድግዳ ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። በመንገድ ላይ፣ ባጃጅ ጠባቂዎች እየሰሙ ጮኸብኝ።

«ማን ንገሪያቸው አለሽ?»

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

«እውነቱን ለእኔ ነበር መንገር ያለብሽ!»

ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁትም። የሰበሰብኳቸው ሌሎች ቅጠሎች ከዓመታት በኋላ በእሱ ስም ብቻ ታትመው አነበብኳቸው። አልተናደድኩም ማለት እወድ ነበር።

«ዛፉስ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ዛፉ እያለ ትሉ አይጠፋም። ልክ ናችሁ። በተከታዩ ዓመት የመልቀቂያ ፈተናዬን በከፍተኛ ውጤት ስላለፍኩ አባቴ ሽልማት ሊሰጠኝ ፈለገ። የኮሶ እንጨት ለቤት ዕቃ ጥሩ ነው፤ ቀይ ነው፣ ይለሰልሳል። አባባን አስፈቀደ፤ እሳቸውም «የልጅቷ ነው፣ ቁረጠው» አሉ። ዛፉ ሲወድቅ ቆሜ አየሁ። የዚያ ዝርያ ሌላ መኖሪያ እንደማላውቅ አውቅ ነበር። አልተቃወምኩም፤ ጠረጴዛ እፈልግ ነበር። ጠረጴዛው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። ይህን የምጽፈው በእሱ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ስል አባባ ኮት ሰፍተው በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። «የምትሄጂበት አገር ይበርዳል?» አሉ። «እንደ ጎባ አይበርድም» አልኳቸው፣ በትክክል። «ይሁን፣ ያዢው» አሉ። ገበሩን ስገለብጠው ስፌቱን ማግኘት አልቻልኩም። ያችን ክፍል ግን ዳግመኛ አልከፈቱልኝም፤ በረንዳው ላይ ነበር የምንነጋገረው፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ።

ያረፉት እኔ ውጭ አገር ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ነው። እናቴ በስልክ ከሌሎች ወሬዎች መካከል አስገብታ ነገረችኝ፤ የሆስፒታሉ መንገድ አስፋልት ሆነ፣ አባባም ሞቱ፣ የአክስትሽ ልጅ ወለደች። አልመጣሁም። በብልቃጥ የማሳድጋቸው ትሎች በዚያ ሳምንት ክንፍ ሊያወጡ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ያን መስመር ፈለግሁት። ከጎባ በላይ፣ ጅባራው እስከሚጀምርበት ድረስ፣ በእያንዳንዱ ኮሶ ሥር ቆምኩ። ወደ ሃረና ወርጄ በጫካ ቡናው መካከል ፈለግሁ። ሌሎች ዝርያዎች አገኘሁ፤ ስም አወጣሁላቸው፤ ስሞቼ በመዝገቡ ውስጥ አሉ። ያን አላገኘሁም። ከሃያ ዓመት በላይ የማያጋጥምን ነገር ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ሕጉ ግን ይህንንም አይፈቅድም። ስም የሌለው ነገር ጠፋ ተብሎ አይመዘገብም።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሮቤ አደርኩ። ጠዋት ከገበያው ጎን ባለ የጨርቅ ሱቅ ፊት ሳልፍ ከውስጥ ድምፅ ጠራኝ።

«አንቺ! የትሏ ልጅ!»

የአባባ ልጅ ነበረች። ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ሸብቷል፤ ምላሷ አልሸበተም። ጎትታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ከፊቴ ጀምራ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

«ተምረሽ ተምረሽ ይሄን ጫማ ነው የምታደርጊው? ትሎቹ አይከፍሉም እንዴ?»

«አይከፍሉም።»

«ነግሬው ነበር። ብል ነው ብዬው ነበር።»

ሳቅን። ሻይ አስመጣች። ቤቱን ከሸጡት ቆይቷል፤ በቦታው ብሎኬት ተሠርቶበታል፤ የጭቃው ግድግዳ ፈርሷል። እኔም ለብዙ ዓመት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ። «ያኔ ግድግዳውን ሲመርጉት፣ ቅጠሎቹን የት ጣሏቸው?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አልጣላቸውም። እንዴት ይጥላል? በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ ከኮሶው ሥር ቀበራቸው። ያረጀ ቁርኣንና ኪታብ እንደሚቀበር። እኔ ሳቅሁበት። ‹ኩስ ነው ተብለህ የለም እንዴ አባ?› አልኩት። በኋላ ‹ሰላቴ ተበላሽቶብኝ ይሆን?› ብሎ ሼኹን ጠየቀ። ሼኹ ‹ያላወቅኸው አይያዝብህም› አሉት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ‹አሁን ግን አወቅሁ› ብሎ ተመለሰ።»

ሻዩ በእጄ ቀዘቀዘ። ቅጠል ያለ አየር እንዲያ ተቀብሮ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ በአእምሮዬ አሰላሁ። ብዙ አይቆይም። ክንፉም አይቆይም። ይህን ያሰላሁት ጥያቄው ስላሳሰበኝ አልነበረም፤ ሌላ ማሰብ ስላልቻልኩ ነው።

«ከዚያ በኋላ ማንሣቱን ተዉት?» አልኳት።

«ቅጠል? ወይ! እስኪሞት ድረስ ያነሣ ነበር። መስጊድ ስንሄድ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወገቡን ይዞ ይጎነበሳል። ቤት ግን አያስገባም። አጥር ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሰው እንዳይረግጠው። አንድ ቀን ተናደድኩ። ‹አባ፣ ትል መሆኑን ልጅቷ ነግራህ የለ? ለምን ወገብህን ትሰብራለህ?› አልኩት።»

«ምን አሉ?»

«‹ተሳስታ እንደሆነስ?› አለ።»

ወደ ጎዳናው አየሁ። ሚኒባሱ «ጎባ! ጎባ!» እያለ ይጠራ ነበር። እሷ ፊቴን አይታ መሐረብ ፈለገች፤ አላስፈለገኝም።

አልተሳሳትኩም። ይህን በሙያዬ ሙሉ ክብር እናገራለሁ። እንቁላሉ፣ ትሉ፣ ጅማቱ፣ ቀዳዳው፣ ጥቁሩም ጭምር፤ ያነበብኩት ሁሉ ልክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተማርኩት ሁሉ ውስጥ የተሳሳትኩበትን አንድ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ቢገኝ በወደድኩ ነበር።

ለአርታዒው ትናንት መለስኩለት። መስመሩ አይሰረዝም አልኩት። የዝርያው ስም ባዶ ይቆይ፤ ሕጉ ይህን ያህል ይፈቅዳል። አንድ ነገር ብቻ አረምኩ። በዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በዚያ ደቃቅና ቀጥ ባለ ጽሑፍ፣ በመለያው ወረቀት ላይ በሰብሳቢው ቦታ ስሜን ጽፌ ነበር። በቀጭን መስመር ሰረዝኩትና ከሥሩ የእሳቸውን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩ። ሙሉ ስማቸውን ከልጃቸው ነው የጠየቅሁት፤ አላውቀውም ነበር።

ከዚያ መሳቢያውን ዘግቼ ወጣሁ። ዘንቦ አባርቷል። ከግቢው በር አጠገብ፣ ከእግረኛው መንገድ ላይ፣ አንድ የረጠበ የወይራ ቅጠል ወድቋል፤ በላዩ ላይ ነጭ መስመር ይጠማዘዛል። ይህን ዝርያ አውቀዋለሁ፣ ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ በሁለት ጣት አነሣሁት። እፍ አልኩበትና አጥሩ ላይ አስቀመጥኩት።

ተሳስቼ እንደሆነ።